መርዶ ይዤ ወደ ሌኒንግራድ

ሌኒንግራድን ያዩ ሰዎች ስለ ድልድዮቿና ስለ ቤተ መንግሥቶቿ ብዙ ያወራሉ። እኔ ከተማዋን ያየሁት የጓደኛዬን እናት ሞት በሆዴ ይዤ ስለ ነበር፣ ደብረ ታቦር ከተመለስሁ ወዲህ ሰዎች "እንዴት ያለች ከተማ ናት?" ሲሉኝ "ሰፊ ናት" ብዬ አልፋቸዋለሁ። ዛሬ ግን ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ በቅደም ተከተሉ ልጽፈው።

በዚያ ዘመን መንግሥት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከላካቸው ወጣቶች አንዱ ነበርሁ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን በመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ከሞተር መጻሕፍት ጋር እየታገልሁ በራሴ ነው የተማርሁት። የተላክሁትም ለትራክተር ጥገና ነው። የምማርባት ከተማ ትንሽ ናት፤ ከሌኒንግራድ በስተደቡብ የአንድ ሌሊት የባቡር መንገድ ትርቃለች።

ጥጋቡ እንደ እኔ የገሳይ ልጅ ነው። ደብረ ታቦር ሳለን በአንድ ክፍል ተከራይተን፣ በአንድ ድስት እየሠራን ኖረናል። እርሱ ትምህርቱን ጨርሶ ሌኒንግራድ ለምህንድስና ገባ። በሰኔ መጀመሪያ ከገሳይ አጠገብ ካለችው ከተማ ከክምር ድንጋይ አንድ ልጅ ለትምህርት ወደ እኛ ከተማ መጣ። ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ ወደ ጎን ወሰደኝና የጥጋቡ እናት፣ እማማ የሺ፣ ከፋሲካ በኋላ ታመው ማረፋቸውን ነገረኝ። ከአባቱ ከአቶ ዓለሙ የተላከ ቃልም ይዞ ነበር።

"ልጄ ብቻውን እንዳይሰማ፤ ሰው ባለበት፣ በሥርዓቱ ይረዳ፤ ብለውሃል" አለኝ።

እኔ መርዶ ተናግሬ አላውቅም። አገራችን ቢሆን ሽማግሌ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ የንስሐ አባት አለ። ፖስታ ቤት ሄጄ ሌኒንግራድ ለሚኖሩት ለጋሽ ኃይሉ ደወልሁ። ጋሽ ኃይሉ የወሎ ሰው ናቸው፤ ዶክትሬታቸውን የሚሠሩ፣ በከተማው ላሉት ሐበሾች ሁሉ እንደ አባት የሆኑ።

"ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ና" አሉኝ። "ቀኑን ከእርሱ ጋር ዋል። ከተማውን ያሳይህ። አብላው፤ ባዶ ሆድ መርዶ አይችልም። እኛ ሰው እናሰባስብና እሑድ ጎህ ሲቀድ እንነግረዋለን።"

"እንደ ደረስሁ ቢሆንስ ጋሼ?"

"አንተ ምን ነካህ? ቀን ተረድቶ ሌሊቱን ከማን ጋር ሊያድር ነው?"

ዓርብ

የውጭ አገር ተማሪ ከሚኖርበት ከተማ ለመውጣት የፈቃድ ወረቀት ያስፈልገዋል። የጽሕፈት ቤቷ ሴትዮ ለምን እንደምሄድ ስትጠይቀኝ "ለጉብኝት" አልኋት። መርዶን በሩስኛ ምን እንደሚሉት አላውቅም። መዝገበ ቃላቴን ሳገላብጥ ያገኘሁት "መጥፎ ዜና" የሚል ብቻ ነው፤ መጥፎ ዜናማ ዝናብ ሲቀርም አለ። ሴትዮዋ ማኅተሙን መታችልኝና "አየሩ ጥሩ ነው፤ ተደሰት" አለችኝ።

ባቡሩ ለእያንዳንዱ ሰው መኝታ አለው። እኛ ከደብረ ታቦር ወረታ ስንወርድ ጉልበታችን ከሰው ጉልበት ጋር ተጋጥሞ፣ ዶሮው ከእግራችን ሥር እየጮኸ ነው። እዚህ አንዲት ሠራተኛ ለሁሉም አንሶላ አደለች፤ እውነቱን ለመናገር አንሶላው በደንብ አልደረቀም ነበር። ሻዩን በብርጭቆ ይሰጣሉ። ብርጭቆው እንዳያቃጥል ባለ ጆሮ የብረት ማቀፊያ ውስጥ ይገባል። ይህን ብልሃት ስላየሁት ደስ ብሎኝ ለጥቂት ጊዜ የያዝሁትን ነገር ረስቼው ነበር።

ከፊት ለፊቴ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። ጋዜጣ ዘርግተው የተቀቀለ እንቁላልና ዶሮ አወጡና ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። የሐዋርያት ጾም ገብቶ ስለ ነበር አመስግኜ እንቢ አልሁ። ቅር አላቸው። ምን ብዬ እንደማስረዳቸው ቸግሮኝ ደረቴ ላይ ትንሽ መስቀል በጣቴ ሠርቼ አሳየኋቸው። ግራ ቀኝ ተመለከቱ። እንቁላሉን መልሰው ጠቀለሉትና ዱባ የሚያህል ዳቦ ቆርሰው ከኪያርና ከጨው ጋር ሰጡኝ።

"እናቴ በዚህ ወር ታስጾመን ነበር" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ወደ ማን እንደምሄድ ጠየቁኝ። ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገርሁት ለእርሳቸው ነው።

"ታዲያ ለምን አትጽፍለትም?"

"አይጻፍም።"

"በስልክስ?"

"አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ ነው።"

"የባሌ ሞት በጦርነቱ ጊዜ በፖስታ ነው የመጣልኝ" አሉ ቆይተው። "ላም እያለብሁ ነበር። አንብቤው ኪሴ ከተትሁትና ማለቤን ጨረስሁ። ምን ላድርግ? ላሟ ቆማለች።"

ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። እኔ ግን አልተኛሁም።

ቅዳሜ

ጥጋቡ ጣቢያው ድረስ መጥቶ ጠበቀኝ። ትከሻ ለትከሻ ስንገጫጭ ልቤ ሲመታ እንዳይሰማው ፈርቼ ቶሎ ለቀቅሁት።

"ምነው እንዲህ ከሳህ?" አለኝ። "ትራክተር ነው የምትጠግን ወይስ ትራክተር ነው የምትጎትት?"

"ጾም ነው።"

"ጾሙማ ከገሳይ ጀምሮ ነበር፤ ያን ጊዜ አልከሳህም።"

ሻንጣዬን ነጥቆኝ ፊት ፊት ሄደ። እንዲህ ነው ጥጋቡ፤ እርሱ ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ። ዝምታዬን ስለለመደው ያን ቀን ዝም ማለቴ አላስጠረጠረውም። በጎ ነገር የሆነልኝ ይኸው ብቻ ነው።

ከመሬት በታች ወደሚሄደው ባቡር የሚያወርደው ደረጃ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ታቹ አይታይም። ቆሜ ቀረሁ፤ ከኋላዬ ሰው ተደረደረ።

"እግርህን አስቀድም እንጂ ጓዴ፤ እየሳቁብን ነው። ባለፈው አንድ የእብናት ልጅ ጫማውን አውልቆ ሊወርድ ነበር።"

"ውሸትህን ነው።"

"ውሸቴን ነው፤ ግን ወረድህልኝ።"

እውነትም ወርጄ ነበር። ደረጃው ሲወርድ ሲወርድ፣ የጉና ተራራን ቁልቁለት በበቅሎ የወረድሁትን ያህል መሰለኝ። ነገር ግን ቁልቁለቱ ላይ ነፋስና የገብስ ሽታ አለ፤ እዚህ የሚሸተው የጋለ ብረት ነው።

ባቡሩ ውስጥ ሆነን "ከአገር አንድ ሰው መጣ አሉ" አለኝ። "የየት ነው?"

"የክምር ድንጋይ።"

"ቅርባችን ነው! የእኛን ቤት አያውቅም?"

"አያውቅም። ትምህርት ቤት አዳሪ ስለ ነበር ሰፈሩን ብዙ አያውቅም።"

"አንተ ደግሞ፤ ሰውን በቅጡ ሳትጠይቅ ነው የምትተወው።" ትንሽ ቆይቶ "ሰኔ ነው፤ ገብሱ ተዘርቷል" አለ። "እማ አሁን ድንቹን እየኮተኮተች ነው። ወገቧን ያማታል፤ ተይ ቢሏት አትሰማም።"

መስኮቱን አየሁ። መስኮቱ ጨለማ ስለ ነበር የሚታየው የሁለታችን ፊት ነው።

ወንዙ ዳር ወጣን። እኛ የርብ ወንዝ ክረምት ሲሞላና ፎገራ ሲያጥለቀልቅ ባሕር ሆነ እንላለን። ይህ ወንዝ ግን ያለ ዝናብም ሙሉ ነው። ዳርና ዳሩን ድንጋይ ጠርበው አጥረውታል፤ ድንጋዩን በእጄ ዳሰስሁት፣ መጋጠሚያው ጥፍር አያስገባም። ታኅሣሥ ላይ ውሃው በረዶ ሆኖ ስለሚጠጥር ሰው በእግሩ ይሻገረዋል አለኝ ጥጋቡ። ድልድዮቹ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ለመርከብ መሐላቸው ተከፍቶ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ከማዶ የቀረ ሰው እስኪገጥም ድረስ እዚያው ነው።

ቀጥሎ ትልቅ ጉልላት ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ወሰደኝ። ቤተ ክርስቲያን ነበረ ማለት ይሻላል፤ አሁን ሙዚየም ሆኗል፣ ለመግባት ትኬት ይቆረጣል። ሰዎች ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ይዞራሉ። ቅጥር የለው፣ ሰላም ለኪ የሚል የለ፤ ደጁን የሚስምም አላየሁም።

"እማ እዚህ ብትመጣ" አለ ጥጋቡ እየሳቀ፣ "ትኬት ቁረጪ ቢሏት ከቆራጩ ሰውዬ ጋር ነበር የምትጣላው።"

የእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆምሁ። ነፍሳቸውን ይማር አልሁ በልቤ፤ በልቤ መስሎኝ ነበር።

"ከንፈርህን የምታንቀሳቅስ ምን እያልህ ነው?"

"ጽሑፉን እያነበብሁ ነው።"

"ጽሑፉማ በዚያ በኩል ነው" አለና ወደ ሌላው ግድግዳ አዞረኝ።

ምሳ የበላነው ሰው ተሰልፎ በሳህን በሚቀበልበት ምግብ ቤት ነው። የጎመን ሾርባና እንደ ቅንጬ ያለ ጥቁር እህል ሰጡን። የእርሱ ሳህን ሳያልቅ የእኔን ግማሽ ገለበጥሁለት። ዳቦ ጨመርሁ። ደግሞ ሄጄ ሌላ አመጣሁ።

"ሰውዬ፣ እንደ ፋሲካ በግ ለምን ትቀልበኛለህ?"

"ብላ ዝም ብለህ።"

"አንተ የጾምኸውን እኔ ልብላልህ?" አለ፤ ግን በላው። ሲበላ ማየት አቃተኝና ውሃ ልቅዳ ብዬ ተነሣሁ።

ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ ረጅም የገበያ አዳራሽ ገባን። እንደ ደብረ ታቦር ቅዳሜ ገበያ ሰው ይጋፋል፤ ግን ዋጋ የሚከራከር የለም፣ ሻጯም አትለማመጥም። ጥጋቡ ቀጥ ብሎ ወደ ሻሽ መሸጫው ሄደ። ለካ ለእናቱ ሊልክላቸው ካሰበ ቆይቷል። አበባ የታተመባቸው ትልልቅ የሱፍ ሻሾች ናቸው። ቀዩንና ጥቁሩን በሁለት እጁ ይዞ ወደ እኔ ዞረ።

"የትኛው ያምርባታል?"

ቀዩን በል ይለኛል አእምሮዬ። አፌ ግን "ጥቁሩ" አለ።

"ጥቁር? እናቴ ሐዘንተኛ ናት እንዴ?"

"እድፍ አይታይበትም ብዬ ነው።"

ሻጯ ሳትቀር ወደ ቀዩ እያመለከተች ራሷን ነቀነቀች። ቀዩን ገዛ። እስክትጠቀልለው ድረስ ጣቱን በአበባዎቹ ላይ እያስኬደ ይቆጥር ነበር። እኔ ያን ጊዜ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። እዚያው፣ ሰው በሚጋፋበት፣ ማንም ቋንቋችንን በማይሰማበት። ከዚያ የአቶ ዓለሙ ቃል ትዝ አለኝ። ሰው ባለበት ሲሉ እንዲህ ያለውን ሰው ማለታቸው አይደለም።

የተማሪዎቹ ማደሪያ በር ላይ የምትቀመጠው ዘበኛ ሴትዮ እንግዳ አታሳድርም ይሏታል። ጋሽ ኃይሉ ግን ቀድመው ነገሩን ገልጸውላት ኖሮ ወረቀቴን እንኳ አልጠየቀችኝም። ከመቀመጫዋ ተነሥታ የጥጋቡን ጉንጭ ዳበሰችና ተመልሳ ተቀመጠች።

"ዛሬ ምን ነካት?" አለ ደረጃውን ስንወጣ። "ዓመቱን ሙሉ በሩን ቀስ ብለህ ዝጋ እያለች ስትጮህብኝ ነበር።"

ለእራት ጋሽ ኃይሉና ሦስት የአገራችን ተማሪዎች መጡ። አንዱ ከአገር የመጣለትን ሽሮ ሠራ፤ በስንዴ ቂጣ በላነው። ለእንግዳው ነው ተባለ፤ እንግዳው እኔ መሆኔ ነው። ጋሽ ኃይሉ ጥጋቡን ደጋግመው አጎረሱት። ሲወጡ እስከ ኮሪደሩ ሸኘኋቸው።

"ጎህ ሲቀድ በሩን ክፈትልን" አሉኝ በጆሮዬ። "እስከዚያ አደራ።"

እሑድ

የጥጋቡ የክፍል ጓደኛ ወደ ቤተሰቡ ሄዶ ስለ ነበር በእርሱ አልጋ ላይ ተኛሁ። መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ጋርደውታል። ምሽቱ ሲረዝም አይቻለሁ፤ የምማርባት ከተማም በሰኔ ቶሎ አይመሽባትም። ግን ይመሻል። ያለፈውን ሌሊት ስላልተኛሁ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ ተነሥቼ የብርድ ልብሱን ጫፍ ገለጥ አደረግሁ። ሰማዩ በአንድ በኩል ቀልቷል። መንገዱ፣ ዛፉ፣ የመኪናው ቁጥር ሳይቀር ይታያል። የእኛ አገር ሰው ይህን አይቶ ካህናቱ ማኅሌቱን ጨርሰዋል ነው የሚል። ሰዓት የለኝም፤ አገሬ ሳለሁም አስፈልጎኝ አያውቅም። ቶሎ ለበስሁ። ነጠላዬን ከሻንጣዬ አወጣሁና አዘቅዝቄ ለበስሁ። በሩን ከፍቼ ኮሪደሩን አየሁ። ማንም የለም። እየመጡ ይሆናል ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌ እዚያው ቆምሁ።

ምን ያህል ጊዜ እንደ ቆምሁ አላውቅም። ዞር ስል ጥጋቡ አልጋው ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

"ነጠላህን ለምን አዘቀዘቅህ?" አለ።

ዓይኑ ከነጠላው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ እኔ ተመላለሰ።

"እማ ናት ወይስ አባ?"

"እማማ የሺ" አልሁ።

"መቼ?"

"ከፋሲካ በኋላ።"

"ታማ ነው?"

"ታመው ነው። ብዙ አልተኙም አሉ። አባትህ ብቻውን እንዳይሰማ ብለው ልከው ነበር። እነ ጋሽ ኃይሉ ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ፤ ጎህ ሲቀድ ተባብለን..."

ተነሥቶ ብርድ ልብሱን ገለጠና ውጭውን አየ። "ይህ ጎህ አይደለም" አለኝ ቀስ ብሎ። "እዚህ በሰኔ ሌሊቱ እንዲህ ነው፤ አይጨልምም። ገና ብዙ ይቀራል።"

አልጋው ላይ ተቀመጥሁ። አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ማን እንደ ገነዛቸው ጠየቀኝ፤ አላውቅም አልሁት። ሲያርፉ ስሙን ጠርተው እንደ ሆነ ጠየቀኝ፤ ይህንንም አላውቅም። ያ የክምር ድንጋይ ልጅ እንዲህ ያለውን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ከዚያ ክንዴን ያዘኝ።

"ነጠላህን አውልቅና ተኛ።"

"ምን?"

"አባ ሰው ባለበት ይስማ ካሉ፣ ሰው ባለበት ነው የምሰማው። ማታ ከመጡት ልጆች ሁለቱ ከወንዙ ማዶ ናቸው፤ ድልድዩ እስኪገጥም ዳሩ ላይ ቆመው ነው የሚጠብቁ። ጋሽ ኃይሉም እንቅልፍ የላቸውም። ሰምቷል፣ ተመለሱ ልትላቸው ነው? እኔ አልሰማሁም። አንተም አልነገርኸኝም።"

ተኛና ብርድ ልብሱን እስከ ራሱ ሳበው። እኔም ነጠላዬን አጣጥፌ ተኛሁ። ድምፅ አልሰማሁም። አንድ እጁ ብቻ ከብርድ ልብሱ ውጭ ቀርቶ የአልጋውን ብረት ይዞ ነበር። እስኪመጡ ድረስ አልለቀቀውም።

በሩ ሲንኳኳ ፀሐይ ወጥታለች። ዘበኛዋ ያለ ሰዓቱ ከፍታላቸው ነው የገቡት። ጋሽ ኃይሉ ፊት፣ ልጆቹ ከኋላ፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ክፍሉ ሞልቶ የተረፈው ኮሪደር ላይ ቆመ። ጥጋቡ ከእንቅልፉ እንደ ተነሣ ሰው ዓይኑን አሸ።

"ምንድን ነው ጋሼ? ምን ሆናችሁ?"

"ልጄ ጥጋቡ" አሉ ጋሽ ኃይሉ፣ "በርታ። የእግዚአብሔር ሥራ ነው። እናትህ አርፈዋል።"

ያን ጊዜ ጮኸ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከገሳይ ከወጣሁ ሰምቼ አላውቅም። የቬትናም ልጆች፣ ኩባዎች፣ ከየክፍላቸው በሌሊት ልብሳቸው ወጡ። ምን እንደሆነ የነገራቸው የለም፤ ግን አንዱም ተመልሶ አልተኛም። ቆይተው በትልቅ ማንቆርቆሪያ ሻይ አፍልተው አመጡልን።

ጋሽ ኃይሉ ላባቸውን እየጠረጉ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። "ደህና አድርገህ ያዝኸው" አሉኝ። "ምንም አልጠረጠረም።"

ጥጋቡ ከተነጠፈለት ፍራሽ ላይ ሆኖ ሰማቸው። አቀርቅሮ ማልቀሱን ቀጠለ።

ፈቃዴ ለሁለት ቀን ብቻ ስለ ነበር በዚያው ዕለት ማታ በባቡሩ ተመለስሁ።

ገሳይ

ትምህርቴን ጨርሼ አገሬ እንደ ገባሁ በጭነት መኪና ተጭኜ ገሳይ ሄድሁ። አቶ ዓለሙ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። እህል ቀርቦልኝ እስክበላ ጠበቁኝ።

"ሰው ነበረ?" አሉኝ ከዚያ።

"ቤቱ ሞልቶ ነበር። የተረፈው ከደጅ ቆሟል።"

"ማን ተናገረ?"

"ጋሽ ኃይሉ የሚባሉ ትልቅ ሰው ናቸው።"

"ጎህ ሲቀድ ነው?"

"ጎህ ሲቀድ ነው አባባ።"

"ጮኸ?"

"ጮኸ። የሌላ አገር ሰው እንኳ ተነሥቶ መጣ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ብቻውን የሰማ እንደ ሆነ ብዬ ነበር እንቅልፍ የነሣኝ" አሉ፤ ሌላ ነገር አልጠየቁኝም።

አሁን እርሳቸውም አርፈዋል፤ ይህንን ለመጻፍ የቻልሁትም ለዚህ ነው። ጥጋቡ ከዚያ አገር አልተመለሰም። ጋሽ ኃይሉም ልጆቹም ከሌኒንግራድ ተበትነዋል። የአባቱን መርዶ ማን እንደ ነገረው፣ በዚያ ጠዋት አጠገቡ ሰው ይኑር አይኑር፣ የሚነግረኝ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።